ሁለት መኪና፣ አንድ ሠራተኛ

በ2009 ዓ.ም. በመንዝ ካሉት ወረዳዎች በአንዱ የግብር አወሳሰን ባለሙያ ነበርኩ። የትኛው ወረዳ እንደሆነ መናገሩ ለማንም አይጠቅምም። የመርሐቤቴ ልጅ ነኝ፤ ዓለም ከተማ ተምሬ፣ ዲፕሎማዬን ይዤ፣ መንዝ የወጣሁት እንጀራ ፍለጋ ነው። በዚያ ዓመት በአገሪቱ ሁሉ የቀን ገቢ ግምት ሲካሄድ፣ በስኳር በሽታ ምክንያት አንድ እግራቸውን ያጡ ልብስ ሰፊ ላይ ከጤነኛው ሰፊ የበለጠ ግምት ጣልኩባቸው። አቤት ሊሉ ሲመጡ ግማሹ ውሸት የሆነ መልስ ሰጠኋቸው፤ ጥፋቱንም በሌላ ሰው ላይ አላክኬ መለስኳቸው። ኑዛዜዬ ይኸው ነው። የቀረው ዝርዝር ነው። ዝርዝሩን የምጽፈው እንዲህ ያለው ጥፋት የሚሠራው እዚያ ውስጥ ስለሆነ ነው።

በጊዜው በነበረው አመዳደብ፣ ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ብር የሚያንስ ግለሰብ ነጋዴ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ደረጃ «ሐ» ይባል ነበር። የሂሳብ መዝገብ እንዲይዝ አይገደድም ነበር። ስለዚህ በቀን ስንት እንደሚሸጥ የሚያውቁት እሱና ፈጣሪው ብቻ ነበሩ። ይህን ለማወቅ ኮሚቴ ይላክ ነበር። ኮሚቴው ሱቁ ደጃፍ ቆሞ ያይና ይጠይቅ፣ የቀን ሽያጭ ብሎም አንድ ቁጥር ይጽፍ ነበር። ቁጥሩ በዓመቱ የሥራ ቀናት ተባዝቶ፣ ከዚያ እንደ ንግዱ ዓይነት በተዘጋጀ ሠንጠረዥ ተሰልቶ ቁርጥ ግብር ይሆን ነበር። የሥራ ቀኑን 300 ብንለው፣ በቀን 100 ብር አብዝቶ የጻፈ ሰው በዓመት 30,000 ብር የሌለ ሽያጭ ፈጥሮ ሄደ ማለት ነው። በዚያ ክረምት አምቦና ወሊሶ ላይ ሱቅ ያዘጋው፣ አዲስ አበባ ላይ ነጋዴውን ለቅሬታ ያሰለፈው ይኸው ብዜት ነው።

ልብስ ሰፊው ሱቅ የደረስነው ትንሣኤ ሲቃረብ ነበር። ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ ከሌላ መሥሪያ ቤት የመጣ ባልደረባ፣ የነጋዴው ተወካይ ሆነው የተመረጡ አንድ ጨርቅ ሻጭ። ጨርቅ ሻጩ የልብስ ሰፊው ጎረቤት ናቸው፤ አንድ ማኅበር ይጠጣሉ።

ሱቁ ዋናው መንገድ ላይ ነው። የመንዝ ንፋስ እንዳይገባ በሩ ላይ አሮጌ ባና ተሰቅሏል። ውስጥ ሁለት የስፌት መኪና አለ፤ አንዱ በእግር የሚረገጥ፣ አንዱ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ በእጅ የሚዞር። በእግር መኪናው ላይ አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፣ አንድ ልጅ ይሰፋል። እሳቸው ሜትሩን አንገታቸው ላይ ጥለው፣ ጠመኔ ጣታቸው መሐል ይዘው፣ ተቀምጠው ይቆርጣሉ። ለበዓል የመጣው ጨርቅ እስከ መደርደሪያው አፍ ድረስ ተከምሯል። ክራንቻቸው ከበሩ ጀርባ ቆሟል። አላየሁትም ብል ውሸት ነው፤ አይቼዋለሁ። ቅጹ ላይ ግን ለክራንች የሚሆን ቦታ አልነበረም። እንዲህ ብዬ ሞላሁት፦ መኪና 2፣ ሠራተኛ 1፣ ቦታ ዋና መንገድ፣ የሥራ ሁኔታ ከፍተኛ። የቀኑንም ሽያጭ ቁጥር የጠራሁት እኔ ነኝ። ባልደረባዬ «ይሁን» አለ። ጨርቅ ሻጩ ዝም አሉ። ሦስታችንም ፈረምን።

የሰውዬውን ታሪክ የሰማሁት ሐምሌ ላይ ነው፣ ግምቱ ከተለጠፈ በኋላ ቢሮ ሲመጡ። ስኳሩ ከቆየ በኋላ እግራቸው ላይ ትንሽ ቁስል ወጣ። አልሽር አለ፤ ከጉልበታቸው በታች ተቆረጠ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የእግር መኪና ሲረግጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ከዚያ በኋላ በአንድ እግር ለመርገጥ ሞክረው ስላልሆነላቸው የእጁን መኪና ገዙ። የእጁ ደግሞ ዘገምተኛ ነው፤ ዘርፍ ለማጠፍና ለጥገና ካልሆነ ሱሪ አያወጣም። ስለዚህ ልጁን ቀጠሩ። ከሚሰፋው ላይ ድርሻውን ይወስዳል። ለክትትል ደብረ ብርሃን በሄዱ ቁጥር፣ በጣርማ በር ወርደው እስኪመለሱ፣ የሚለካና የሚቆርጥ ስለማይኖር ሱቁ ይዘጋል። የመርፌው፣ የመሳፈሪያው፣ የአልጋው ወጪ ሌላ ነው።

«ልጄ» አሉኝ፣ ክራንቻቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስደግፈው፣ «ሠራተኛ ብለህ የጻፍከው ልጅ እኮ እግሬ ነው። የእጁም መኪና ንግድ ሰፍቶልኝ የገዛሁት አይደለም፤ የእግሩን መርገጥ ስላቃተኝ ነው።»

ነገሩን ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንዳሰብኩት አላውቅም። ቅጹ ላይ ከሞላሁት አራት መስመር ሁለቱ የሕመማቸው ወጪ ናቸው። እኔ ሁለቱንም የሀብት ምልክት አድርጌ ቆጠርኳቸው። ጤነኛው ሰፊ አንድ መኪና አለው፤ ራሱ ይረግጣል፣ ሠራተኛ የለውም፤ በእኔ ቅጽ ትንሽ ሰፊ ነው። እሳቸው እግር ባጡ ማግስት በእኔ ቅጽ አደጉ።

የሰጠኋቸው መልስ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ ገብቶኛል፤ ግን ሕጉ ለሕመምተኛ የተለየ ነገር የለውም። የገመተዎትም ኮሚቴው ነው፤ እኔ ብቻዬን ምን አደርጋለሁ?»

ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ሁለት ጥፋት። ከመጀመሪያው ልጀምር።

ሕጉ ለሕመምተኛ ነጋዴ ለብቻው የደነገገው ነፃነት አለመኖሩ እውነት ነው። ያሉት ሌሎች ናቸው። በአዋጅ 979 መሠረት ቀጣሪ ለሠራተኛው ሕክምና የከፈለው ትክክለኛ ወጪ ግብር አይቆረጥበትም። በአካል ጉዳት ምክንያት የተገኘ ካሳም ከግብር ነፃ ነው። የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 285/1994ም ሕክምናንና በሐኪም የሚታዘዙ መድኃኒቶችን ነፃ ያደርግ ነበር፤ ከሠራተኞቹ ከ60 በመቶ በላይ አካል ጉዳተኞች የሆኑበት የሥራ ቦታ የሚያቀርበውንም እንዲሁ። ሁሉም መልካም ነው። ሁሉም ግን በልብስ ሰፊው ደጃፍ ሳይገባ ያልፋል። እሳቸው ቀጣሪ የላቸውም። ካሳ የሚከፍላቸውም የለም፤ እግራቸውን የወሰደው ስኳር ነው። ለራሳቸው መርፌ ያወጡት ገንዘብ የግል ወጪ ነው፤ ከንግድ ገቢ አይቀነስም። ቁርጥ ግብር ላይ ደግሞ ከመነሻውም በሰው በሰው የሚቀነስ ወጪ የለም። ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ተቀጥሮ ሕክምናውን አሠሪው የሚሸፍንለት ሰውና እኚህ ሰው አንድ ዓይነት በሽታ ቢኖርባቸው፣ የአንዱን የሕክምና ብር ሕጉ ያውቀዋል፤ የሌላውን አያውቀውም።

ይህ የግድ እንዲህ መሆን የለበትም። ጎረቤታችን ኬንያ በ2003 እ.ኤ.አ. የአካል ጉዳተኞች ሕግ አውጥታ፣ የተመዘገበና የምስክር ወረቀት የያዘ አካል ጉዳተኛ በወር እስከ 150,000 ሽልንግ ለሚያገኘው ገቢ የገቢ ግብር እንዳይከፍል አድርጋለች። እኛም ብንሆን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብለናል። የስምምነቱ 28ኛ አንቀጽ በድህነት የሚኖሩ አካል ጉዳተኞች ከጉዳቱ ጋር ለተያያዙ ወጪዎች የመንግሥትን እገዛ እንዲያገኙ ይጠይቃል። በ2017 ዓ.ም. የገቢ ግብር አዋጁ ሲሻሻል ግብር የማይነካው የወር ገቢ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል፤ ጥሩ ነው። እሱ ግን ለሁሉም እኩል ነው። እኔ የማወራው እኩል ስላልሆነ ወጪ ነው።

እስከዚህ ድረስ መልሴ እውነት ነበር። ውሸቱ «የተለየ ነገር የለውም» ብዬ ማቆሜ ነው። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ ክልሎችም የየራሳቸውን የቀረጹት የእሱን መልክ ተከትለው ነው። አዋጁ ላይ ግብር ከፋዩ በውሳኔው ቅር ከተሰኘ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መቃወም እንደሚችል ተጽፏል። ባንድ ጊዜ መክፈል ያቃተው የጊዜ ማራዘሚያ ጠይቆ በየጊዜው ከፋፍሎ መክፈል እንደሚችልም ተጽፏል። ከሁሉም በላይ ከባድ ችግርን የሚመለከት አንቀጽ አለ። በተፈጥሮ አደጋ ወይም ግብር ከፋዩ በራሱ ቸልተኝነት ባላመጣው የግል ችግር ምክንያት ግብሩን ሙሉ በሙሉ መክፈል ከባድ ጉዳት የሚያደርስበት ከሆነ፣ ሥልጣኑ ያለው አካል ግብሩን በሙሉም በከፊልም ሊያነሳለት ይችላል ይላል። ሕመም የሚል ቃል የለበትም። ግን አንድ እግሩን በስኳር ያጣ ሰው በዚህ አንቀጽ ካላመለከተ ማን ሊያመለክት ነው?

አንቀጹን አላውቀውም ነበር። አዋጁን ግን አንብቤዋለሁ፤ ያነበብኩት የቅጣቱን ክፍል ነው። ማሳወቂያ ያዘገየ ስንት በመቶ፣ ያልከፈለ ስንት በመቶ፣ እሱን በቃሌ እወጣው ነበር።

ደግሞም አንቀጽ ባይኖር እንኳ እጄ ላይ ያለ ነገር ነበር። የጻፍኩት ቁጥር ስሕተት ነው፤ ስሕተቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የሚያርመው ማስረጃ ክራንች ይዞ ፊቴ ቆሟል። «ጋሼ፣ ይህንኑ የነገሩኝን በወረቀት ያስጽፉ፣ የሆስፒታሉን ማስረጃ ያያይዙ፣ ቀኑ እንዳያልፍ» ብል በቂ ነበር። ቅጽ እንኳ አልሰጠኋቸውም። የ21 ቀኑንም ነገር አላነሳሁላቸውም።

ለምን? አለማወቅ ብቻ ቢሆን ለመናዘዝ ባልተቸገርኩ። ግብር ቢሮ የሠራ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ፤ ግምት ያስጨመረ ባለሙያን ማንም አይጠይቀውም፣ ያስቀነሰውን ግን «ምን በልቶ ነው?» ይሉታል። ወረዳው የገቢ ዕቅድ አለው፣ ዕቅዱ በየሳምንቱ ይገመገማል። ለእሳቸው ብቀንስ ነገ ደጁ በክራንችና በሐኪም ወረቀት ይሞላል ብዬም ሰጋሁ። ይህን ስጋቴን ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ደጁ ቢሞላስ? የሚሞላው በእውነተኛ ሕመምተኛ ከሆነ፣ የእኔ ግምት ስንቱን ሰው እንደሳተ ያሳይ ነበር እንጂ ሌላ ምን ያሳያል? ያኔ ግን በልቤ «የቄሣርን ለቄሣር» ብዬ ተጽናናሁ። ቄሣር የእሳቸውን እግር አልጠየቀም ነበር፤ የጠየቅኩት እኔ ነኝ።

እሳቸው ከፈሉ። ገጠር ዘመድ ዘንድ ያስቀመጧቸውን በጎች ሸጡ፤ ያ ስላልበቃ ተበደሩ። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ የገንዘብ ጥፋት ብቻ በሆነ ነበር።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ምዝገባና እድሳት የሚካሄደው መኸሩ ከገባ በኋላ ነው። መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች መዋጮውን መንግሥት ይሸፍናል፤ እነማን እንደሆኑ የሚለየው በየቀበሌው ነው። እሳቸው በዚያ ሰሞን ብድር እየከፈሉ ስለነበር መዋጮውን መሙላት አልቻሉም። ከማይችሉት ተርታ ይጻፉኝ ብለው ቀበሌ ሄዱ። «እርስዎ እኮ ነጋዴ ነዎት» ተባሉ። ሁለት መኪና፣ አንድ ሠራተኛ፣ ዋና መንገድ፤ ማን ደሃ ይላቸዋል? በመንዝና በግሼ ገጠር ጉልበት የከዳው ሰው ቢያንስ የሴፍቲኔት ቀጥታ ድጋፍ የሚባል መዝገብ አለለት፤ ጎረቤቶቹ ተሰብስበው «እሱ አይችልም» ይሉለታል። ከተማ ላይ ንግድ ፈቃድ ግድግዳው ላይ የሰቀለ ሰው ግን ይችላል ተብሎ ነው የሚታሰበው። ለግብር የጻፍኩት ቁጥር ለሕክምናም መሰከረባቸው። የእድሳቱ ጊዜ አለፈ። በዚያ ዓመት መድኃኒታቸውን የገዙት ከኪሳቸው ነው፤ ከክትትል የቀሩበትም ወር ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ንግድ ፈቃዱን መለሱ። ልጁ ሌላ ሥራ ፍለጋ ሄደ።

ሁለተኛው ጥፋቴ «ኮሚቴው ነው» ያልኩት ነው። እኔን እንግዳ ሰው፣ የመንግሥት ሠራተኛ አድርገው ነው የሚያዩኝ። ኮሚቴ ሲባሉ ፊታቸው የመጣው ጎረቤታቸው ጨርቅ ሻጩ ናቸው። ገመናዬን የሚያውቅ ሰው አስገመተኝ አሉ። ማኅበሩን ተዉ። ጽዋው በዞረ ቁጥር ባዶ የሚቀረው ቦታ የማን እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ምክንያቱንም ያውቃል። እኔም ሰምቻለሁ። ሰምቼ ዝም አልኩ፤ ስሜ ስላልተነሳ ደስም ብሎኝ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። የእኛ ተገልብጧል፤ የተወጉት የወጋቸውን አላወቁም፣ የወጋሁት እኔ ነኝ ያልረሳሁ።

ከዚያ ሥራ ለቅቄ ደብረ ብርሃን ገባሁ፤ ለነጋዴዎች ሂሳብ እሠራለሁ። ሱቁ የተቃጠለበት አንድ ሰው ማመልከቻ ጻፍልኝ ሲለኝ ነው ያን አንቀጽ መጀመሪያ ያነበብኩት። «የግል ችግር» የሚለውን ሳይ አእምሮዬ ላይ የመጣው ባለ ሱቁ አልነበረም።

ዛሬ ሕመም ወይም የአካል ጉዳት ያለበት ነጋዴ ሲመጣብኝ የማደርገው ቀላል ነው። ግምቱ ከደረሰው ቀን ጀምሮ ቀን እቆጥራለሁ። ቅሬታውን በቃል እንዳያሰማ፣ በጽሑፍ አድርጎ በሁለት ቅጂ እንዲያስገባና የእሱን ቅጂ ገቢ እንዲያስደርግ እነግረዋለሁ። የሆስፒታሉን ማስረጃና የቀጠሮ ካርዱን አያይዛለሁ፤ ካርዱ ላይ ያሉት ቀኖች ሱቁ የተዘጋባቸው ቀኖች ስለሆኑ ለግምቱ ማስረጃ ናቸው። የቀጠረው ሰው ካለ ለምን እንደቀጠረው እጽፋለሁ። መክፈል የሚችል ግን ባንዴ የማይችል ከሆነ ከፋፍሎ እንዲከፍል፣ ጨርሶ የማይችል ከሆነ በከባድ ችግር አንቀጽ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ይሳካል፣ አንዳንዱ አይሳካም። ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሥራ ነው። ያኔም ግማሽ ቀን አይፈጅም ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ጥር ወደ መንዝ ተመለስኩ። ሰውዬው ቤታቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው በእጁ መኪና የተማሪ ሱሪ ይጠግናሉ። አላወቁኝም፤ ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ቁጥሩን የጠራሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ማመልከት ይችሉ እንደነበር፣ ጎረቤታቸው ምንም እንዳልተናገሩ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ገንዘቡን አልጠየቁኝም። መቆጣት የጀመሩት ስለ ጎረቤታቸው ስናገር ነው። «ይኼን ሁሉ ዓመት የሰው ስም አስነሳኸኝ!» አሉ። «በል ተነስ፤ ለእኔ የነገርከውን ለእሱ ሂድና ንገረው። እኔ አፍ የለኝም።» ይቅር እንዲሉኝ ጠየቅኳቸው። «መጀመሪያ እሱ ዘንድ ሂድ» አሉኝ።

ጨርቅ ሻጩ ሱቃቸው ነበሩ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር የገባሁት። እስክጨርስ ሰምተው የተጠቀለለውን ጨርቅ ወደ መደርደሪያው መለሱና፣ «ልጁን ለምን እንደቀጠረው እኔ አውቅ ነበር» አሉ። «በዚያን ቀን ልናገር ብዬ፣ ለማኅበር ወንድሙ አዳላ ይሉኛል ብዬ ተውኩት። ሲያኮርፈኝ ምክንያቱን አልጠየቅኩትም። የሚገባኝ መስሎኝ ነበር።» ማምሻውን ቤታቸው እንደሚሄዱ ነገሩኝ፤ አብሬ እንድሄድ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልሄድኩም።

ወደ ደብረ ብርሃን ስመለስ ይህን ንግግራቸውን እንደ ማቅለያ ለመያዝ ሞክሬ ነበር። ጥፋቱ ለሁለት ተከፈለ፣ ለእኔ የቀረው ግማሹ ነው ብዬ። ሂሳቡ ግን አልወጣልኝም። እሳቸው ሱቃቸውን ዘግተው በነፃ የመጡ ነጋዴ ናቸው፤ የፈሩትም የጎረቤት ሐሜት ነው። ልጁ ለምን እንደተቀጠረ እንዲጠይቅ ደመወዝ ይከፈለው የነበረው እኔ ነኝ።